ሁለት ዙር ውሃ

ውድ ዊላ፣

ደብዳቤ መጻፍ እንደማልወድ ታውቂያለሽ። ስልኬን ስለማታነሺ ነው የምጽፈው። ሳታነቢው ብትቀድጂው መብትሽ ነው፤ ግን አባትሽ ሲዋረድ ማየት ደስ የሚልሽ ከሆነ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

የማነሳው የባለፈውን ነሐሴ የአውራጃችንን ትርኢት፣ የመኪና ጉተታውን ነው፤ ክብደት የተጫነበትን ስሌድ በመኪና ጎትቶ ብዙ የሄደ የሚያሸንፍበትን። ብርዱን ወራት በሙሉ ጋራዡ ውስጥ የተጨቃጨቅነው ለሞተሩ አየር በሚነፋው ተርቦ ነበር። አንቺ ትንሹን፣ አፉ ስልሳ ስድስት ሚሊ የሆነውን ወደድሽ፤ እኔ ትልቁን፣ ሰባ ስድስቱን። ደብተርሽን ሞተሩ ላይ ዘርግተሽ፣ "አባዬ፣ ትልቁ ብዙ አየር ይነፋል፣ እሺ። ግን እስኪነቃ ድረስ ሞተሩ ይታነቃል። ስሌዱ ደግሞ በሄድን ቁጥር ክብደቱን ወደ ፊት እያመጣ ይጫነናል። እንቅልፋም ተርቦ ይዤ ምን ልሁን?" አልሽኝ።

"ትንሽ ሳንባ ለትንሽ ሰው ነው" አልኩሽ። ስሌትሽ ግን ልክ ነበር። ነገሩ ሁሉ በአፈሩ ነው። አፈሩ ደረቅና ልል ከሆነ ጎማው በቀላሉ ይሽከረከራል፣ የሞተሩም ዙር አይወርድም፤ ያን ቀን ትልቁ ያሸንፋል። እርጥብ ሸክላ ከሆነ ግን ጎማውን ጨምድዶ ይይዘዋል፣ ያን ጊዜ ትንሹን የሚያህል የለም። የእኛ ሜዳ ደግሞ ሸክላ ነው። ይህን ሁሉ ከአንቺ በፊት አውቀው ነበር።

እሁድ ምሳ ላይ ውርርዱን ያመጣሁት እኔ ነኝ። "ካሸነፍሽኝ የጋራዡ ቁልፍ ያንቺ ነው። ከተሸነፍሽ ግን ዳግመኛ መፍቻዬን እንዳትነኪ" አልኩሽ። አንቺም ድንችሽን እያኘክሽ "እሺ" አልሽ። እንዲህ ቶሎ እሺ ማለትሽ አናደደኝ። በዚያ ሜዳ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የቀደመኝ የለም። በገዛ ልጄ፣ ያውም ዳይፐሯን በቀየርኩላት ልጅ፣ በጎረቤት ፊት ልቀደም? ፈራሁ፣ ዊላ። ይኸው ተናገርኩት።

በዋዜማው ቁርስ ላይ፣ "አባዬ፣ የሜዳው ኮሚቴ ሰብሳቢ አንተ ነህ። ነገ አፈሩ ምን ይሆናል?" ብለሽ ጠየቅሽኝ።

"ደረቅ። ጠብታ ውሃ አይነካውም።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"አባትሽ ነኝ" አልኩሽ። አምነሽኝ ትልቁን ገጠምሽ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሜዳውን ከሚያጠጣው ከኦርቪል ጋር እዚያው ነበርኩ። የውሃ ቦቴውን አቁሞ በመስኮት ብቅ አለና፣ "ሌላንድ፣ አንድ ዙር አጠጥቼዋለሁ፣ ይበቃዋል" አለኝ።

"ድገመው።"

"ልጅህ ትልቁን ነው የገጠመችው አሉ። ይታነቅባታል እኮ፣ ሰውዬ።"

"የጠየቅኩህ ውሃ ነው፣ ምክር አይደለም" አልኩት። ደገመው። ከዚያ ወዲህ ሲያገኘኝ ባርኔጣውን አያነሳልኝም።

የኔን መኪና በጠዋት አስለክቼ ሽፋኗን ከድኜ ነበር። ሽፋኑ ሥር ያለው ስልሳ ስድስት ሚሊ ነው። አዎ፣ ከደብተርሽ ላይ የሰረቅኩት ልክ። ያንቺ ተራ ሲደርስ ተቆጣጣሪው ብሩንስ መለኪያውን የተርቦሽ አፍ ውስጥ ከተተና፣ "ሰባ ስድስት፣ ሕጋዊ ነው። ከፈረምኩ በኋላ መቀየር የለም፤ የምትሉት ካለ አሁን በሉ" አለ። ያኔ እኔን አየሽኝ። ረጅም ጊዜ አየሽኝ። የፈራሽ መስሎኝ ደስ አለኝ። "ምንም የለም፣ ፈርም" አልኩት።

አረንጓዴው ባንዲራ ተውለበለበ። ጥቁር ጭስ ተፋሽ፣ ጎማው ሸክላውን ነከሰ፣ ሞተሩ ማቃሰት ጀመረ። ሦስት መቶ ጫማ ሊሄድ በታሰበ መኪና መቶ አርባ ላይ ቆምሽ። አጥሩ ላይ የተደገፈው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔም አፌን ሞልቼ፣ "ሳንባውስ ተገዛላት፤ መተንፈሱን ማን ያስተምራት?" አልኩ። ሳቁ። መስኮትሽ ክፍት ነበር፣ ሰማሽኝ።

እኔ ሦስት መቶውን ጨረስኩ። ስወርድ መፍቻዬን ጠርገሽ እጄ ላይ አኖርሽውና "እንኳን ደስ አለህ፣ አባዬ" ብለሽ ሄድሽ። መኪናሽን እንኳ ጥለሽ። እኔም ሽንፈት መቻል አታውቅም ብዬ ስምሽን በየደረስኩበት ሳነሳ ከረምኩ።

ባለፈው ሳምንት ጋራዡ ውስጥ የቆመውን መኪናሽን ሳጸዳ ከወንበሩ ኋላ ትንሹን ተርቦሽን ከነካርቶኑ አገኘሁት። ደብተርሽ ከላዩ ተቀምጧል። የመጨረሻውን ገጽ ገለጥኩ። እንዲህ ይላል፦ "ሜዳውን በጠዋት ዞርኩት። ቦቲዬ እስከ ቁርጭምጭሚት ሰመጠ። የሚሆነው ትንሹ ነው። አባዬ ግን ደረቅ ነው ብሎኛል። ትልቁን እንደገጠምኩ ልተወውና ትንሹን ጭኜው ልሂድ፤ ለመቀየር ጊዜ አለኝ። ብሩንስ ሳይፈርም ይነግረኛል። አባቴ ነው።"

ዱቄት በሚመስለው የጋራዡ አቧራ ላይ ቁጭ አልኩ። ፈርተሽ አልነበረም ያየሽኝ። እየጠበቅሽኝ ነበር።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ትዪኝ ይሆናል። በይ። ይቅር በይኝ አልልሽም፤ ብትይኝም አላምንሽም። የማደርገውን ግን ልንገርሽ። ትልቁን ተርቦ ከመኪናሽ ፈትቼ የኔ ላይ ገጥሜዋለሁ። ትንሹ ያንቺ ላይ ነው፤ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ኦርቪልን ደግሞ በሚመጣው ነሐሴ ሜዳውን ሦስት ዙር እንዲያጠጣው ነግሬዋለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስቆ አየሁት። ውርርዱ ያው ነው፣ ቁልፉም ያው።

ካልመጣሽም እኔ እጎትታለሁ፤ ሰው ሁሉ እያየ ጭቃው ውስጥ ታንቄ እቆማለሁ። ከመጣሽ ግን መጀመሪያ አጥሩ ጋ ቁሚና ያን ቀን ስለ ሳንባው ያልኩብሽን መልሰሽ በይኝ። ጮክ ብለሽ በይው፤ የሞተር ድምፅ ጆሮዬን ጨርሶታል።

አባትሽ
ሌላንድ