የአዳም ክንፎችና የእኔ ቁርጭምጭሚት

ግንቦት 4፣ ሰኞ

አዳም፣ ዛሬም የሒሳብ ክፍለ ጊዜ አመለጠኝ። በክራንች ያ ዳገት አያልቅም... ብታየኝ ትስቃለህ።

መጥለቅ ያስተማሩህ ጋሽ አብደላ ሻንጣህን ከሐይቅ ልከውታል። ልብስ፣ የውሃ መነጽር፣ እነዚያ የጎማ ክንፎች። ስትጠልቅ እግርህ ላይ የምታደርጋቸው። ከክንዴ ይረዝማሉ። እማዬ አንዱን አንስታ፣ "ይኼን ደግሞ ለማን እሰጠዋለሁ?" አለች። ቅዳሜ አርባህ ነው፤ ዕቃህ ለነዳያን ሊሰጥ ነው። ዞር ስትል አልጋዬ ስር ደበቅኳቸው።

ለእኔ አይደሉም እንዴ? ክረምት ሐይቅ ወስጄ ጠላቂ አደርግሃለሁ ብለኸኛል። ሞተር ሳይክሉ ሲገለበጥም እሱኑ እያወራን ነበር።

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ

አርባህ ወጣ። ሰማያዊ ጃኬትህ ለአንድ ሽማግሌ ደረሰ። ልክክ አለለት። ለምን አናደደኝ?

ግንቦት 20፣ ረቡዕ

ጀሶው ተፈታ። እግሬ እንጨት መስሏል። ሐኪሙ፣ "አጥንቱ ገጥሟል፤ ጅማቱ ግን ገና ነው" አለ።

ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ክንፎችህን አጠለቅኩ። አልጋ ላይ ተኝቼ እግሬን አወዛወዝኩ። አመመኝ። ይበለኝ... አንተ ሞተህ የእኔ እግር ለምን ይድናል?

ግንቦት 24፣ እሑድ

ለጋሽ አብደላ ደወልኩ። ፈተና እንዳለቀ እመጣለሁ፣ ያስተምሩኝ አልኳቸው።

"እግርህስ?"

"ድኗል።"

"በል ወላሂ?"

ወሬ ቀየርኩ። ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸው ተቀየረ። "የአዳምን ክንፍ እንዳታስበው። ረዥምና ደረቅ ነው፣ ቁርጭምጭሚትህን ይጨርሰዋል። እኔ ጋ አጭር አለ፣ ለስላሳ። ተረከዙ ክፍት ነው፣ በማሰሪያ ይጠብቃል።"

"የወንድሜን ነው የማደርገው።"

"እንግዲያ አትምጣ።" ዘጉት።

አትምጣ? እሳቸው ማን ናቸው?

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

እማዬ ሙጃ ከተማ ወሰደችኝ፣ ወጌሻው አያ ደግሰው ዘንድ። በቅቤ ሲያሹኝ ጮህኩ።

"ዝም በል! በቀደም ያሸኋት በቅሎ እንኳ እንዳንተ አልጮኸችም።"

አንዱን ክንፍ በቦርሳ ይዤ ነበር። ለምን? እንጃ። አወጣሁት። እማዬ ደነገጠች። "አንተ! ከየት አመጣኸው?"

አያ ደግሰው ባሕር አይተው አያውቁም። አገላበጡት። ጫፉን ይዘው ሊያጎብጡት ሞከሩ፣ እምቢ አላቸው። መጀመሪያ ባዶ እግሬን በአንድ ጣት ገፋ አደረጉ። "አመመህ?" ትንሽ አልኩ። ክንፉን አጠለቁልኝና በዚያችው ጣት ጫፉን ገፉት። እንባዬ መጣ።

"ጣቴ ያችው ናት። ርዝመቱ ነው የጨመረው። ውሃ ደግሞ ከጣቴ ይበረታል።"

"የወንድሜ ነው" አልኳቸው።

"ነፍስ ይማር። እሱ ጤነኛ እግር ነበረው፣ አንተ የለህም። ምን ያጨቃጭቃል?"

ስንመለስ መኪና ውስጥ እማዬ፣ "ሐይቅ ልትሄድ ነው?" አለች።

"እንጃ።"

"ደብቀህ አትሂድብኝ ብቻ።"

ሰኔ 4፣ ረቡዕ

አጭሩ ነው የሚሻለኝ። ገብቶኛል። አዳም፣ ትቀየመኛለህ?

ሰኔ 15፣ እሑድ

ደወልኩ። ጋሽ አብደላ ሰላም እንኳ ሳይሉኝ፣ "የትኛው?" አሉ።

"አጭሩ።"

"ቁጥርህ?"

"አርባ አንድ። የተጎዳው ግን ያብጣል... አርባ ሁለት ሳይሆን አይቀርም።"

"አሁን እውነት አወራህ። አብሽር፣ ወፍራም የላስቲክ ካልሲ አለ። በሱ ላይ ማሰሪያውን ላላ እናደርጋለን።"

ሰኔ 29፣ እሑድ

ፈተና አለቀ። ነገ ከእማዬ ጋር ወደ ሐይቅ። ረዣዥሞቹን ከአልጋ ስር አውጥቼ ሰጠኋት። በነጠላዋ ጠረገቻቸው።

ሐምሌ 2፣ ረቡዕ፣ ሐይቅ

እማዬ ትናንት ተመለሰች። ጋሽ አብደላም ደሴ ሄደዋል። ትእዛዛቸው፦ ከወገብ የሚያልፍ ውሃ ውስጥ እንዳልገባ፣ ከጀልባው እስከ ድንጋዩ አሥር ምልልስ፣ ካመመኝ ማቆም፣ የሠራሁትን ደብተራቸው ላይ መጻፍ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳሁ። ሻይ አፈላሁ። ቁርጭምጭሚቴን በፋሻ ጠቀለልኩ፣ ካልሲውን ለበስኩ፣ ክንፎቹን አሰርኩ። ወደ ኋላ እየሄድኩ ገባሁ። ውሃው ይቀዘቅዛል። ከዳሌዬ ቀስ እያልኩ መታሁ፤ ክንፉ እንደ ቅጠል ይታጠፋል። አንድ፣ ሁለት... ስድስት ደረስኩ። ሰባተኛው ላይ እግሬን ያዝ አደረገኝ። ዳር ላይ ማንም አልነበረም። አሥር ሞላሁ ብል ማን ያውቃል?

ወጣሁ። ማሰሪያውን ፈትቼ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ደብተሩ ላይ "ስድስት፤ አመመኝ" ብዬ ጻፍኩላቸው። ከዚያ ዳቦዬን በላሁ።