ላልነበረን በር ቁልፍ ለገጠሙልን የፊልም ዳይሬክተር

ለተከበሩ የፊልም ዳይሬክተር፣
ባሉበት።

በቅድሚያ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ሽልማቱን ሲቀበሉ በቴሌቪዥን ባየሁዎት ጊዜ ፊትዎ ሞላ፣ ኮትዎ ደግሞ ከትከሻው ሰፋ ብሎ ስላገኘሁት፣ ፊትዎን ፈጣሪ እንዲጠብቅልኝ እየጸለይኩ፣ ኮቱን ግን በሚመችዎት ቀን ይዘውት ብቅ ቢሉ እኔው እንደማስተካክልልዎ በአክብሮት እገልጻለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት በመርፌ ያደረች ሴት እንዲህ ያለውን አይታ ዝም ማለት አይሆንላትም።

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሣሣኝ የራስዎ ጥያቄ ነው። ባለፈው ወር መስማት ለተሳናቸው ተማሪዎች ፊልምዎን በነፃ ባሳዩ ዕለት፣ ከኋላ የተቀመጠው ሕዝብ መሐረብ አውጥቶ ሲነፋረቅ፣ ከፊት ያሉት ሦስት ረድፎች ለምን ከወንበራቸው እስኪወድቁ እንደ ሳቁ ጠይቀውኝ ነበር። እኔም «እንጃ ልጄ» ብዬ አለፍኩዎት። ያን ያህል የደከሙበትን ሰው በአደባባይ ማሳፈር ነውር መስሎኝ ነው። ሆኖም ፊልሙ አሁንም በየከተማው እየታየ ስለሆነ መልሱን በጽሑፍ ማቅረብ ግድ ሆነብኝ።

ፊልሙን ላላዩ አንባቢዎች በአጭሩ ላስረዳ። አንዲት ነጭ መምህርት ከባሕር ማዶ ትመጣለች፤ ከአንድ ቤት ጓዳ የበር ድብደባ ትሰማለች፤ በሩን ሰብራ ስትገባ እናቷ በሐፍረት የቆለፈችባት፣ መስማት የተሳናት የሰባት ዓመት ሕፃን ታገኛለች፤ ታቅፋታለች፣ በእጅ ምልክት የመጀመሪያ ቃሏን ታስተምራታለች፣ ትምህርት ቤትም ትከፍትላታለች። መጀመሪያው ላይ «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» የሚል ጽሑፍ አለ። ልጅቷ ልጄ ናት። ያቺ ልጇን የቆለፈች ልብስ ሰፊ ደግሞ እኔ ነኝ።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ በሩ። ያኔ የምንኖርባት አንዲት ክፍል፣ የምሠራባትም እሷው፣ በር አልነበራትም፤ የተንጠለጠለ መጋረጃ ነበራት። ይህን ያህል ትልቅ የብረት ቁልፍ ምን ላይ እንዳንጠለጠሉት ሳስብ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት የሚለቅም ሰው ብርታቱ ያስደንቀኛል። በኋላ ግን ነገሩ ተከሰተልኝ። መቅረጫዎን ይዘው ሦስት ቀን እኔ ዘንድ ሲመላለሱ፣ «ልጅዎ ሕፃን ሳለች የት ትውል ነበር?» ብለውኝ፣ «እዚሁ እግሬ ሥር፣ ከቁልፍ ጋር» ብዬ መልሼልዎ ነበር። ጌታዬ፣ የሸሚዝ ቁልፍ ነው! በቆርቆሮ ሙሉ ነበረኝ፤ በቀለም እየለየች ስትደረድረው ትውላለች። አራት ዓመት ሲሆናት አንድ ቀን ከቆርቆሮው አንድ ቡናማ የካፖርት ቁልፍ መርጣ መዳፌ ላይ አስቀመጠችና ደጅ የቆመውን ደንበኛዬን በጣቷ አሳየችኝ። ዞር ብዬ ባየው ከካፖርቱ ላይ አንድ ቁልፍ ወልቋል። ልጄ ከእኔ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ የተነጋገረችው ያን ቀን ነው፤ የስፌት መኪናዬ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። እርስዎ ይህን በጆሮዎ ሰምተው እስር ቤት ስለ ሠሩበት ምናብዎን ሳላደንቅ አላልፍም። ለሃያ ዓመት ደንበኛዬ የነበረች ሴትም ሳታደንቅ አልቀረችም፤ ፊልሙ በታየ ማግሥት ያልተሰፋ ጉርዷን ከመደርደሪያው ላይ ራሷ አንሥታ፣ «እግዜር ይይልሽ» ብላኝ ወጣች።

ሁለተኛ፣ ስለ ቋንቋው። ልጄ ምልክት ስትፈጥር ያየ የሰፈሩ ግንበኛ እንደ እሷ መስማት የተሳናቸውን ሁለት ወንዶች ልጆቹን አመጣ፤ ልብስ አጣቢዋም ልጇን አመጣች፤ እያለ እያለ አሥራ አንድ ሆኑብኝ። ጥቁር ጨርቅ ግድግዳ ላይ ወጥሬ፣ ልብስ በማሰምርበት ጠመኔ ፊደል እየጻፍኩ፣ እነሱ ለእያንዳንዱ ነገር ምልክት እያወጡ፣ እኔም እየተማርኩ ሦስት ዓመት ሄድን። መምህርቷ የመጣችው ከዚህ በኋላ ነው። ሁለት ትላልቅ ሻንጣ እየጎተተች ስለገባች ልጆቹ «ሻንጣ» የሚል ምልክት ሰጧት፤ እኛም ሻንጣ እንላታለን። አንድም ምልክት አታውቅም ነበር፤ ያስተማረቻት የሰባት ዓመት ልጄ ናት። ትምህርቱም ቀላል አልነበረም፤ አንድ ቀን ሻንጣ «ርቦኛል» ለማለት አስባ ለግንበኛው «አግባኝ» የሚል ምልክት አሳይታው፣ ሰውዬው ሳምንት ሙሉ በደጃችን ሳያልፍ ቀረ። ይህን የመሰለ ቁም ነገር ከፊልምዎ መውደቁ ያሳዝናል።

ሦስተኛ፣ ስለ ሻንጣ ራሷ። ሰው በሠራው መመስገን አለበት፤ ሻንጣም ሠርታለች። አራት ዓመት ሙሉ በየቢሮው በራፍ ላይ ተቀምጣ፣ ማመልከቻ እየጻፈች፣ «ነገ ተመለሽ» እየተባለች ነገ እየተመለሰች፣ ሁለት ክፍልና የመምህራን ደመወዝ አስፈቅዳልናለች። ፊልምዎ ውስጥ ይህ የለም። ያላደረገችውን ሰጥተው ያደረገችውን ስለነጠቋት ደውዬ ጠየቅኋት። ጡረታ ወጥታለች፤ ቋንቋችንን ዛሬም አጣማ ነው የምትናገረው። «ነግሬዋለሁ! እኔ ተማሪ ነበርኩ፣ እናትየዋ ናት አስተማሪ አልኩት» አለችኝ። «ምን አለሽ?» ብላት፣ «ማመልከቻ ለካሜራ አይመችም፤ ደግሞ ሴት ስትማር ለማየት ቲኬት የሚገዛ የለም አለኝ» ብላ ተናደደች።

ለእኔም ያሉኝን አልረሳሁም። «እማማ፣ ፊልም ነው እኮ! ውጭ ያለው ተመልካች ወደ ታሪኩ የሚገባበት በር ያስፈልገዋል» ነበር ያሉኝ። እኔን የመሰለ መሃይም እንዲገባው አድርገው ስለ ገለጹልኝ አመሰግናለሁ። ለእነሱ መግቢያ እንዲሆን እኛ ላይ ዘጉት ማለት ነው። እኔን ሆና የተጫወተችው ተዋናይትም ሁለት ሰዓት ሙሉ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ታለቅሳለች፤ መስማት ስለተሳናት ልጅ በተሠራ ፊልም ውስጥ አንደበት ያጣሁት እኔ ብቻ ሆንኩ።

አሁን ወደ ሳቁ ልምጣ። መስማት ለተሳናቸው ተማሪዎች ያመጡልን ፊልም ከሥሩ ጽሑፍ አልነበረውም። ይህም በሥራ ብዛት የተፈጠረ እንደሚሆን እገምታለሁ። ርእሰ መምህሩ «እርስዎ ምልክቱን ያውቁታል፤ ፊልሙ የሚታይበት መጋረጃ አጠገብ ቆመው ያስተርጉሙላቸው» ብሎ ለመነኝ። ልጄ ዛሬ የእነዚያ ተማሪዎች አስተማሪ ናት፤ ከፊት ተቀምጣለች፤ ፊልሙን አላየችውም። እኔ አስቀድሜ አይቼው ነበር፤ ምን ብዬ እንደምነግራት ግን ጨንቆኝ ሳልነግራት ቀረሁ።

አሥር ደቂቃ ያህል በታማኝነት ተረጎምኩ። የበሩ ትዕይንት መጣ። ተራኪው «ይህች እናት በልጇ ታፍር ነበር» አለ። እጄን አነሣሁ፤ እጄ ግን እምቢ አለኝ። ሦስት ረድፍ ሕፃናት ዓይናቸውን እኔ ላይ ተክለዋል። ልጄ ፊልሙ ውስጥ በሩ ላይ ያለውን ቁልፍ አየች፣ እኔን አየች፣ ተነሥታ መጣች። በእጇም «እማዬ፣ አንቺ ተቀመጪ» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን የተረከችው እሷ ናት። ተራኪው የሚለውን ስለማትሰማ ምንም አላደናቀፋትም። በሩ ሲሰበር የመጋረጃችንን ታሪክ ነገረቻቸው፤ ነጯ ሴት ስትሮጥ ስለ ሻንጣና ስለ ግንበኛው አጫወተቻቸው። በመጨረሻም ሕዝቡን ሁሉ ያስለቀሰው ትዕይንት መጣ፤ ትንሿ ተዋናይት የመጀመሪያ ቃሏን፣ «እናቴ» የሚለውን፣ ለመምህርቷ በምልክት ስታሳይ። ያ ሁለት ጣትን ከጉንጭ ወደ ውጭ የሚስበው ምልክት፣ ጌታዬ፣ በእኛ ዘንድ «ድመት» ነው። ነጯ ሴት እንባዋ እየወረደ ደረቷን ትመታለች፤ ልጅቷ «ድመቴ! ድመቴ!» ትላታለች። የሳቁ ምክንያት ይኸው ነው። እኔም ስቄያለሁ፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

መብራት ሲበራ ልጆቹ እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው እያርገበገቡ አጨበጨቡ፤ ፊታቸውን ያዞሩት ግን ወደ ልጄ ነበር። እሷ ደግሞ በጣቷ እኔን አሳየቻቸው። ያን ሁሉ እጅ ወደ እኔ ሲርገበገብ ባየሁ ጊዜ ምን እንደ ተሰማኝ አልጽፍልዎትም፤ ነገ ፊልም ያደርጉታል።

በደርብ ስፌት በጠበቀ አክብሮት፣ በማይተረተር ምስጋና፣
የፊልምዎ ጨካኝ እናት፣
ልብስ ሰፊዋ።

ማሳሰቢያ፦ ተማሪዎቹ ልጄ የተረከችላቸውን ታሪክ እጅግ ወደውት፣ ደራሲው ማን እንደሆነ ጠይቀውኛል። «ያ ከኋላ የቆመው ኮቱ የሰፋው ሰውዬ ነው» ብያቸዋለሁ። ውሸት መሆኑን አውቃለሁ፤ ለታሪኩ ውበት ሲባል የተደረገ ትንሽ ለውጥ አድርገው ይመልከቱልኝ።