ካቡና ሽኮኮዎቹ

ጥር 9
ኪዳን አድርሼ ስወጣ ሽኮኮዎቹ የድንጋዩ ክምር ላይ ወጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። አሥራ አንድ ቆጠርኩ። የባንቺአየሁ መቃብር ዘንድ ትንሽ ቆምኩ... ባለቤቴ ካረፈች ሦስት ዓመት። ዛሬም ከብት የቤተ ክርስቲያኑ ደን ውስጥ ገብቶ ችግኙን ግጦታል። ዙሪያው ሁሉ ማሳ ነው፤ ከቡሬ መንገድ ሲያዩት ጣና ላይ ያለች ደሴት ይመስላል። እንዲህ እየተበላ ስንት ዓመት ይቆያል?

ጥር 18
ከቅዳሴ በኋላ ሰበካ ጉባኤው ተቀመጠ። ደኑ በካብ ይታጠር አልኩ። ተስማሙ። ድንጋይ ከየት ይምጣ? ወንዙ ሩቅ ነው። "ያ ሁሉ ክምር እዚያው ደኑ ውስጥ የለም ወይ?" አልኩ። ጎረቤቴ አሸናፊ፣ "ጋሸ አብተው ዓመት ዝም ብለው አንድ ቀን ሲናገሩ ወርቅ ነው" ብሎ አሳቃቸው። ደስ አለኝ... ምን እደብቃለሁ።

ጥር 21
አስተርእዮ ማርያም። አውድማ የነካ የለም፤ ለቤተ ክርስቲያን ድንጋይ መሸከም ግን በረከት ነውና አገሩ ሁሉ ወጣ። ክምሩ እስከ ቀትር ተገለበጠ። አንዲት እናት ቀድማ ወጣች፣ ሁለት ግልገሎች ተከትለዋት። ሌሎቹም። በጩኸቱ ደንግጠው ወደ ማሳው ሮጡ። ማሳው ታጭዷል፣ መደበቂያ የለውም። ሰዉን ተከትለው የመጡ ውሾች ጨረሷቸው።
ድንጋይ ተሸክሜ ቆሜ አየሁ። ተው አላልኩም። ማንን ልበል?
"ጋሸ አብተው፣ ለሽኮኮ ሊያለቅሱ ነው እንዴ?" አለ አሸናፊ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ጥር 22
በየማለዳው አያቸው ነበር። ቤታቸው መሆኑን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ማን ነበር? አፌን ስከፍት ምነው አንዳቸው እንኳ ትዝ አላሉኝ?

የካቲት 2
ካቡ አለቀ። ያምራል። ከብት አይገባም።

የካቲት 15
ጾሙ ሳይገባ ንስሐ አባቴ ቄስ ዘሩ ዘንድ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳቄንም። ቀኖና ይስጡኝ አልኩ።
"ልጄ፣ ሰው ብትበድል ስግደት አዝህ ነበር። ለሽኮኮ ምን ልዘዝህ?"
መስቀል አሳለሙኝ። ይዤው የሄድኩትን ይዤ ተመለስኩ። ታዲያ የት ልውሰደው?

የካቲት 23
ከማዶው ደብር ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ካቡን ዞረው አዩ፣ መረቁኝ። እኛም ዘንድ መጥተው አሠራሩን ያሳዩን አሉ። ድንጋዩን ከየት እንደሚያመጡ ጠየቅኩ። ደናችን ውስጥ ክምር ሞልቷል አሉ። ሽኮኮስ የለበትም? አለበት፣ ምን ያደርጋል አሉ።
በዚህ ጊዜ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ተዉት፣ ከወንዝ አምጡ ብዬ ለመንኩ። እርስ በርስ ተያዩ። እኔ አልመጣም አልኩ በመጨረሻ።
"ግድ የለም፣ አይቸገሩ" አሉኝ፤ "አሠራሩን አይተነዋል።"