በአንድ ቁና ዳጉሳ የገዛሁት

ማክሰኞ፣ የሚካኤል ዕለት

ወንድ ወለደች። እልል ያለችላት ጎረቤቴ ሩቂያ ብቻ ናት። እኔ ውሃ አፈላሁ፣ አበቃ።

ልጅቱ አስቴር ትባላለች። አገሯ ደሴ ነው፣ ፋብሪካ ትሠራለች። የምትኖረው በጓሮዬ ክፍል ነው። የኔ በነበረው ማለቴ ነው፤ ትርፍ ቤት ተብሎ ተወረሰና ቀበሌው ለእሷ ሰጣት። እሷ ምን ታድርግ? ቢሆንም ዓመት ሙሉ ሰላምታዋን በግማሽ አፍ ነው የመለስሁላት። ባሏ ወታደር ነው፣ ሰሜን ዘምቷል። እናቷም አልደረሰችላትም።

«እስቲ ታቀፊው» አለችኝ ሩቂያ።

እጄ እርጥብ ነው አልሁ። እርጥብ አልነበረም።

ረቡዕ

ሦስት ወልጄ ሦስቱንም ደቅ ደሴት፣ ሐይቁ ውስጥ ቀብሬያለሁ። አንዱም ለክርስትና አልደረሰም። ሾተላይ አለባት አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አራስ ቤት ስገባ ሴቶቹ ሕፃኑን በነጠላ ይሸፍኑታል። ለምጄዋለሁ። ፊደል የቆጠርሁት በስተርጅና ነው፣ ቀበሌው አስገድዶኝ። «ሾተላይ» የሚለውን ዛሬ ገና ጻፍሁት። አጭር ቃል ነው።

ለካ አስቴርም እዚህ ሳትመጣ አንድ ቀብራለች። በአራተኛው ቀን ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ሞተ። ዛሬ ጠራችኝ።

«እትዬ ብርቄ፣ ይኸን ልጅ ይግዙኝ።»

የድሮ ልማድ ነው። ልጅ የማያድግላት እናት ሕፃኑን ለሌላ ሴት በእህል ትሸጣለች። ሞት የእሷን ልጅ ብሎ ሲመጣ ያጣዋል። ለክርስትናው ያንኑ እህል መልሳ ትዋጀዋለች።

«ሩቂያ ስድስት አሳድጋለች፣ እሷ ትግዛው» አልኋት።

«እርስዎን ነው የምፈልግ። ሞት ከእርስዎ ቤት የሚወስደውን ወስዶ ጨርሷል። ምን ቀረኝ ብሎ ይመለሳል?»

በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነገር ፊት ለፊት የነገረኝ የለም። ትቻት ወጣሁ።

ሐሙስ

ገዛሁት። አንድ ቁና ዳጉሳ። ለምን እንደ ገዛሁት አላውቅም። ጠዋት ሲያለቅስ ሰማሁት፣ ድምፁ ቀጭን ነው።

አስቴር ፊቷን አዙራ በመስኮት አቀበለችኝ። ሩቂያ ምስክር ሆነች።

«ቀስ በይ፣ ቀበሌ እንዳይሰማሽ! ትርፍ ልጅ ብለው ይወርሱብሻል» አለችኝ።

አስቴር ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ኋላ ብቻዬን ስሆን ጥቂት ሳቅሁ።

ደንቡ እንዲህ ነው፤ እሷ ልጄ አትለውም። «እትዬ፣ ልጅዎ ራበው» ትላለች። «አጥቢልኝ» እላለሁ። ልጄ ማለት ግን ከአፌ አልወጣም። ሰውዬው እለዋለሁ።

ዓርብ

አራተኛው ቀን። ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ጡት አልይዝ አለ። አስቴር አንድ ጊዜ አየችውና ወደ ግድግዳው ዞረች። አላለቀሰችም።

አራስ ከቤት አትወጣም። ባለቤቱ ደግሞ እኔ ነኝ። ታቅፌው በሐይቁ ዳር ወደ ጤና ጣቢያ ሄድሁ። ከደቅ በኩል ይነፍሳል፣ ደንገሉ ይተኛል ይነሣል። ንፋሱን በጀርባዬ ከለልሁለት።

ነርሷ ልጅ እግር ናት።

«እናቱ የት አለች?»

«እኔ ነኝ።»

ቀና ብላ ሽበቴን አየች። «እማማ፣ እርስዎ ወለዱት?»

«ገዛሁት።»

ወረፋ የያዙት ሴቶች በሳቅ ፈነዱ። «በስንት ሰጡዎ? ለእኔም አንድ ይግዙልኝ» አለች አንዷ። ነርሷ አልሳቀችም። ደም ወሰደች፣ ገላውን ተጭና አየች። ቶሎ ቶሎ ይጥባ፣ እንቢ ካለ ወተቱ ታልቦ በማንኪያ ይሰጠው፣ የጠዋት ፀሐይ ይሙቅ አለች። ቢጫው እግሩ ድረስ ከወረደ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ያምጡት አለች።

የእኔዎቹን እንዲህ ገልጦ ያየልኝ አልነበረም።

ቅዳሜ

ማንኪያ። ፀሐይ። ማንኪያ። ጨርቅ ማጠብ። ማንኪያ።

ይተፋል። እደግማለሁ። እግሩን እያየሁ ዋልሁ። ቢጫው ሆዱ ላይ ነው፣ አልወረደም። አልጠፋምም።

ሩቂያ አጥሚት ይዛ መጣች። «ግማሹን ለአራሷ፣ ግማሹን ለእናቲቱ» ብላ ለእኔም ቀዳችልኝ። ጠጣሁት።

ወደ ማታ ላይ «ልጄ፣ በሞቴ ዋጣት» አልሁት። ሳላስበው ነው። አስቴር ሰማችኝ። ዋጣት።

እሑድ

ጡት ያዘ። «እትዬ፣ ልጅዎ ጡቴን ሊነቅለው ነው!» ብላ ጮኸች። ሮጥሁ። እኔ፣ በዚህ ጉልበቴ።

ማክሰኞ

ሳምንት ሞላው። ዓይኑ ነጥቷል። ጥግ ጥጉ ላይ ትንሽ ቢጫ ይታየኛል፤ ሩቂያ አይታየኝም ትላለች።

አስቴር ገንፎ አማረኝ አለች። ዱቄት አልቋል። ዳጉሳው ከነቁናው ከአልጋዋ ሥር ተቀምጧል፣ ልትዋጅበት።

«እሱን አስፈጪና ብይው» አልኋት። ፈጠን ብዬ። ጎንበስ ብዬም ጎተትሁት። ራሴ ወፍጮ ቤት ላደርሰው።

አየችኝ። የገባት ይመስለኛል።

«ይቆይ እትዬ» አለች፣ በዝግታ።

መልሼ ከአልጋው ሥር ገፋሁት። ገንፎውን ከራሴ ጤፍ ሠራሁላት። ክርስትናው ገና ነው። እስከዚያ ልጄ ነው።

አለቀሰ። ልሂድ።