አሥራ ሰባተኛው ሚስማር

ጥር 6
ሰላሳ ሁለት ሰው ይዘን ወደ ደሴቷ ተሻገርን። ነፍስ ያለው ነገር የማይኖርባት፣ ምሽግ ብቻ። አሁን መናፈሻ ተብላለች። አብሮኝ የሚያስጎበኘው ሻምበል እንደ ልማዱ ጓደኛው የሞተበትን ጉድጓድ እያሳየ አስለቀሳቸው። ሻምበል የምንለው ለጨዋታ ነው፤ እዚህ ተራ ወታደር ነበር። እኔ ስለ ግንቡ ውፍረት እለፈልፋለሁ... ማን ይሰማኛል?

ጥር 9
ሥራ አስኪያጁ ጠራን። "ከየካቲት ጀምሮ አንድ አስጎብኚ ይበቃል።" አንድ! ስንወጣ ሻምበል ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ "አይዞሽ ልጄ፣ አንቺ ወጣት ነሽ፣ ሌላ ሥራ አታጪም" አለኝ። እሱ ሊቀር ነዋ! ቆሽቴ እርር አለ።

ጥር 14
አደረግኩት።
ጎብኚ ሁሉ ደሴቷ ላይ ሲወርድ ቁጥር ያለው ቆርቆሮ ይሰጠዋል። ሲመለስ ጀልባ ማቆሚያው ላይ ካለው ሰሌዳ፣ በቁጥሩ ሚስማር ላይ ይሰቅለዋል። ሰሌዳው ሲሞላ ሻምበል ፊሽካ ይነፋል፣ እንሄዳለን። አሥራ ሰባተኛው ባዶ ነበር። አንዲት ሴትዮ ፎቶ ላንሳ ብላ ምሽጉ ውስጥ ቀርታለች። አይቻታለሁ። ሻምበል ሽንት ቤት ሲገባ ከመሳቢያ ትርፍ ቆርቆሮ አውጥቼ ሰቀልኩ። ዓይኑ ቁጥር አያነብም...
"ሞላ እንዴ?"
"ሞልቷል ሻምበል፣ ይንፉ።"
ነፋ።

ጥር 15
ሴትዮዋን ጠዋት ጨለማ ቤቱ ውስጥ ተኮራምታ አገኟት። ስትጮህ አድራ ድምጿ ተዘግቷል። ሻምበል ለራሱ አንድ ቃል አልተከራከረም። "አርጅቻለሁ፣ አላየሁም ማለት ነው" ብሎ ፊሽካውን ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ፣ ወጣ። ሰው እንዲህ ሞኝ ይሆናል? እኔን ጸጸት አይነካካኝም መሰለኝ። ለጥ ብዬ ተኛሁ።

የካቲት 3
ብቻዬን ነኝ። ጎብኚዎቹ ማዛጋት ሲጀምሩ፣ "አባቴ እዚህ ወታደር ነበር..." አልኩ። ከየት መጣልኝ? የሻምበልን ታሪክ አንድ በአንድ አወረድኩት። አለቀሱልኝ! አባቴ እኮ ከመርፌ በቀር መሣሪያ ጨብጦ የማያውቅ ልብስ ሰፊ ነው። ይኸው አሁን ጎኔ ቁጭ ብሎ የደንብ ልብሴን እጅጌ ያሳጥራል።

የካቲት 21
ሻምበል ቲኬት ቆርጦ መጣ። ቆርቆሮውን ሰጠሁት። እንደማላውቀው ሆንኩ። ምን ልበለው?
ጉድጓዱ ጋ ስንደርስ ታሪኩን ልዘለው አሰብኩ። ሰዉ ግን ከቦኝ ይጠብቃል። "አባቴ የጓደኛውን እጅ እንደያዘ ሦስት ቀን እዚህ..." ብዬ እስከ መጨረሻው ተናገርኩ። ሻምበል ከኋላ ቆሞ፣ ኮፍያውን አውልቆ ሰማኝ። አንዲት ሴት እንባዋን እየጠረገች፣
"አባትሽ አሁን አሉ?" አለችኝ።
"ሞተዋል።"
ከሁሉም ቀድሞ "ነፍስ ይማር" ያለው ሻምበል ነበር።