መፋቂያዬን ለማንም አላዋስኩም

መረጥኩ! ከድርዬ፣ ብቻዬን መረጥኩ! ማንንም ሳልጠይቅ፣ የማንንም ፊት ሳላይ፣ እዚያች መከለያ ውስጥ ቆሜ በገዛ እጄ ምልክቴን አደረግኩና ወረቀቱን አጥፌ ኮሮጆው ውስጥ ከተትኩት። አውራ ጣቴ ላይ ያለው ቀለም ገና አልለቀቀም። ዕቃ ሳጥብ እንኳ እየሳሳሁለት ነው።

ደስታው ሰላምታውን አስረሳኝ፣ ይቅር በለኝ። አሰላሙ ዓለይኩም የኔ አባወራ። ከተለየኸን አራት ክረምት አለፈ፣ አምስተኛው ደግሞ ደጅ ላይ ነው። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሱቁን ልጃችን ሐያት ይዛዋለች። ባልዲውና ሳፋው እንዳንተ ጊዜ በረንዳው ላይ ተደርድሮ ይውላል፣ ሒሳቡን ግን አብዛኛው ሰው በስልክ ነው የሚከፍላት። 18 ማዞሪያ ያሉት የታክሲ ረዳቶች ዛሬም «አስኮ! አስኮ!» እያሉ ጆሮ ይበጥሳሉ። ሰዉ ዛሬም «የጋሽ ከድር ሱቅ» ነው የሚለው። በርጩማህ ላይ ከሰዓት ከሰዓት እኔ እቀመጥበታለሁ።

ታውቀኛለህ መቼም። ሻርፕ ስገዛ እንኳ ሦስት ሰው ጠይቄ ነው። አብረን የመረጥንበትን የመጀመሪያውን ቀን ታስታውሳለህ? ያን ሁሉ ሰልፍ ጨርሰን ክፍሉ ውስጥ ገባን። ወረቀቱን ዘርግቼ የምልክቱን ብዛት ሳይ ግራ ገባኝና ከመከለያው ጀርባ ሆኜ ጮክ ብዬ «ከድር! የቱ ነው?» አልኩ። ታዛቢው፣ አስመራጩ፣ ተሰላፊው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። አንተ ብቻ አልሳቅክም፣ አልተቆጣህምም። ቤት ስንገባ ነው ቀስ ብለህ «ዘይኑ፣ ድምፅ እንደ መፋቂያ ነው። ባልና ሚስትም ቢሆኑ አይዋዋሱትም» ያልከኝ።

ከዚያ በኋላ በየምርጫው ለመንኩህ፣ አኮረፍኩህ፣ የምትወደውን እየሠራሁ ላባብልህ ሞከርኩ። ፍንክች! የጎረቤት ባሎች ሚስቶቻቸውን «እዚህ ጋ አድርጊ» ብለው አስጠንተው ሲልኩ፣ የኔው ሰው አፉን ዘግቶ ይስቃል። ያኔ ንፉግነት ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው በኔ ጭንቅላት አንተን ያህል የተማመነ ሰው አላውቅም፣ እኔ ራሴም ጭምር። እንዲያም ሆኖ አላረፍኩም። የቅስቀሳ መኪና ባለፈ ቁጥር የትኛው ላይ ጺምህን እንደምታሻሽ አይቼ በሱ ገምቼ ነበር የምመርጠው።

ዘንድሮ ግን የማየው ጺም የለም።

ወንድምህ ኑሪ ገና ቅስቀሳው ሳይሞቅ መጣ። «እቴ ዘይነባ፣ የወንድሜ ቤት ድምፅ መበተን የለበትም። እኔ የምልሽን ብቻ ምረጪ» አለኝ። ሐያት ደግሞ ሌላ ፓርቲ ይዛ በስልኳ ንግግር ታሰማኛለች። ምሳ ላይ ሲከራከሩ ጉድ ነው! ኑሪ ሲናገር ኑሪ ልክ ነው እላለሁ፣ ሐያት ስትመልስለት ሐያት ልክ ናት እላለሁ። ኑሪ ይሄን አይቶ ምን ቢል ጥሩ ነው? «አንቺ ብቻሽን ከወሰንሽማ የከድርን ፉል እኔ ነኝ የምሠራው!» ብሎ ተንከተከተ።

የከድር ፉል! ከምርጫ በኋላ በሚመጣው እሑድ ሽርጥህን ታጥቀህ ማድቤቴን የምትወርስበት ቀን። ያሸነፈውም የተሸነፈውም ጎረቤት ግቢያችን ውስጥ ከአንድ ትሪ ይበላል፣ «ማንን መረጥክ?» ብሎ የጠየቀ ዳቦ ይከለከላል። ያለ አንተ ይህ የመጀመሪያው ምርጫ ስለሆነ ፉሉ ይቅር ወይስ ይኑር ብሎ ደፍሮ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ኑሪ ቀለደበት። ቀልዱም ቆጠቆጠኝ።

በማግስቱ በርጩማህ ላይ ቁጭ ብዬ ሳስብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ነጋዴ ሳፋ ይዞልህ ሲመጣ «ይሄ ምኑ ላይ ነው የሚሰነጠቀው?» ትለው ነበር። «ኧረ አይሰነጠቅም!» ያለህን ሻይ ጋብዘህ ትሸኘዋለህ። «ፀሐይ ሲመታው እጀታው ጋ ይሳሳል» ካለህ ግን ትወስድለታለህ። ሊቀሰቅሱህ የሚመጡትንም እንደዚሁ ነበር የምትጠይቃቸው። እኔም ጀመርኩ። በሱቁ በር ያለፈ ቀስቃሽ ሁሉ ጥያቄህን ቀመሰ። አንዱ ጎረምሳ «ማዘር፣ የእኛ ፓርቲ ምንም እንከን የለውም!» አለኝ። ውሃ አጠጥቼ ሸኘሁት። አንዷ የሌሎቹን ጥፋት ስትዘረዝርልኝ ቆይታ የራሷ ጋ ስትደርስ ታክሲዋ መጣ። አንድ ሰውዬ ግን ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠና ያልተሳካላቸውን ነገር አንድ በአንድ ነገረኝ።

እሱን መረጥሽ እንዳትለኝ! ከድርዬ፣ እኔም የራሴን ጥያቄ ጨመርኩበት፦ «ብትሸነፉስ በማግስቱ ጠዋት ምን ትሠራላችሁ?» ለሁሉም አቀረብኩት። የሳቀ አለ፣ የተቆጣ አለ፣ አስቦ የመለሰም አለ። ያንተን ፉል ሊበላ የሚችለውን ሰው ከዚያ መልስ ለየሁት።

የምርጫው ቀን ኑሪ ከፊቴ፣ ሐያት ከኋላዬ ተሰለፉ። መከለያው ውስጥ ገብቼ ወረቀቱን ዘረጋሁ። «ከድር» ልል አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። የመረጥኩትን አውቀው ነበርና ምልክቴን አደረግኩ። ስወጣ ኑሪ በር ላይ ጠብቆ «እሺ እቴ፣ የቱን?» አለኝ። «መፋቂያህን ረስተህ ነው የመጣኸው እንዴ?» አልኩት። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ፣ በዚህኛው ጊዜ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ሐያትማ እንባዋ እስኪፈስ።

ለአንተም አልነግርህም! ደስ እንደሚልህ አውቃለሁ። ይህ ጣት ቀለም እስከተቀበለ ድረስ በየምርጫው ጥያቄህን እጠይቃለሁ፣ ፉልህም ከዚህ ግቢ አይጠፋም። አላህ ጀነትን ይወፍቅህ፣ ባስተማርከኝ ነው የኖርኩት።

ኑሪ ትናንት አንገቱን ደፍቶ መጥቶ ባቄላ ለስንት ሰዓት እንደሚዘፈዘፍ ጠየቀኝ። ሽርጥህን አጥቤ ሰጠሁት፣ ትንሽ ይጠበዋል። ይህን ደብዳቤ ሱቁ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። እንግዲህ ያነበባችሁት ጎረቤቶች፣ ያሸነፋችሁም የተሸነፋችሁም፣ ጎረምሳውም ባልዲ ላይ የተቀመጠው ሰውዬም ጭምር፦ እሑድ ጠዋት፣ ጋሽ ከድር ግቢ። ማንም እንዳይቀር።