ወርቅ የተባለው ወረቀት

ማክሰኞ

ደግሞ ጀመሩ። የአከራዬ ልጅ ሚኪ ሁለት ጓደኞቹን አስከትሎ፣ ጉንጫቸው በጫት ተወጥሮ፣ ከክፍሌ ጀርባ ያለውን ቤት በዶማ ይንዱታል። ድሮ ከኤደን ወደብ የመጡ አይሁድ ነጋዴዎች ምኩራብ ነበር ይባላል። ዛሬ የጫት ገራባ መጣያና መሽኛ ነው፤ ሽታው ያቅለሸልሻል። “ሲሄዱ ወርቃቸውን ቀብረው ነው” ይለኛል ሚኪ። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ሰው!

ረቡዕ

ጎረቤቴን አደ ፋጡማን ስለ ቤቱ ጠየቅኳት። ለካ ልጅ ሆና ቅዳሜ ቅዳሜ እሳት የምታነድላቸው እሷ ነበረች። በሰንበታቸው እሳት አይነኩም። ለጸሎት ደግሞ አስር ወንድ መሙላት አለበት። ንግዱ ሲቀዘቅዝ አንድ በአንድ ሄዱ። የቀሩት ባቡር ጣቢያ ወርደው ከመንገደኛው መሃል የነሱን ሰው ይፈልጉ ነበር፣ ቁጥሩ እንዲሞላ። በመጨረሻ መሙላት አቃታቸው። የሚኪ አያት ቤቱን ገዝቶ መጋዘን አደረገው።

“በሩን ሲዘጉት አለቀሱ” አለችኝ። እሷም አለቀሰች።

ሐሙስ

አገኙ! ግድግዳው ውስጥ የታሸገ ትልቅ የቆርቆሮ ሣጥን። ሰፈሩ ሁሉ መጣ። ሲከፈት የተቀዳደደ ወረቀት ብቻ፣ በአይሁዶቹ ፊደል የተጻፈ። ሚኪ ተሳድቦ መሬት ላይ ዘረገፈው። አንዱ ጓደኛው ጫቱን ጠቀለለበት። የሰፈሩ ፍየሎችም ሊበሉት መጡ። ሁሉም አስጠሉኝ።

አደ ፋጡማ እየጮኸች ወጣች። “ዋሪያ! የፈጣሪ ስም አለበት! ሲያረጅባቸው አይጥሉትም፣ ግድግዳ ውስጥ አኑረው በኋላ እኛ ያረጀ ቁርኣን እንደምንቀብረው ይቀብሩታል። ሐራም ነው!”

“አቦ ተይን፣ ነገ አቃጥለዋለሁ” አለ ሚኪ።

ዓርብ

ሚኪ ከእንቅልፉ ሳይነሳ ለቀምነው። ሽንት የነካውንም በእጄ አነሳሁ። አደ ፋጡማ በገዛ ሻሿ ጠቀለለችው፣ ግቢው ውስጥ ካለችው የኒም ዛፍ ሥር ቀበርነው። ለሚኪ “ፍየል በላው” አልኩት። አመነኝ። ዛሬ ምሳዬን አጣጥሜ በላሁ።

ቅዳሜ

ኒሟ ሥር ጉድጓድ። ሻሹ ተቀዶ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ወረቀቱ ግቢውን ሞልቶታል። የሰፈሩ ባለሱቅ ስንቀብር አይቶን “ወርቁን ሴቶቹ ወሰዱት” ብሎ አውርቷል። ሚኪ ደጃፌ ላይ ቆሞ “ግማሹን አምጪ፣ አለዚያ ቤቱን ልቀቂ” አለኝ። ከልቡ እኮ ነው! በዓይኑ ወረቀቱን እያየ፣ አሁንም ወርቅ ይላል። እንዲህ ያለ ሰው ፊት ላይ ቢተፉበት አይሰማውም። ቤት መፈለግ ሊኖርብኝ ነው። የት እንደማገኝ አላውቅም።

አደ ፋጡማ ዘንቢሏን ይዛ መጣች። አጎንብሳ መልቀም ጀመረች።

“ዛሬ እኮ ቅዳሜ ነው፣ ሰንበታቸው” አልኳት።

“ለነሱ ነዋ የማይቻለው። ድሮስ ለዚህ አይደል እኔን የሚጠሩኝ?” አለችኝ።

ቀበርነው። የት እንደሆነ እዚህም አልጽፈውም።